«የፀሐይ ብርሃን» በሁለት አንቀጽ፤ በሕንፃ ውስጥ ብርሃን ልኬት ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

በቀን ወደ አንድ ክፍል የሚገባው ብርሃን ስንት እንደ ሆነ መርምሮ ለሕንፃው ነጥብ መስጠት ካለፉት ጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ የተለመደ ሥራ ሆኗል። በእንግሊዝ አገር ብሪያም የተባለው የሕንፃ ምዘና ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ጀመረ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የአረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ሊድ የተሰኘውን ሥርዓት አወጣ። አውሮፓውያንም እ.ኤ.አ. በ2018 ኢኤን 17037 በሚል መለያ የሚታወቅ የጋራ የቀን ብርሃን ደረጃ አወጡ። እነዚህ ሰነዶች ሲጻፉ የታሰበው መሐንዲሱ እንጂ የቋንቋ ሰው አይደለም። ይሁንና ሰነዱ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ፣ ወይም ይዘቱን ለሥራ ተቋራጭ፣ ለሕንፃ ባለቤትና ለተማሪ በአማርኛ ማስረዳት በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ ጉዳዩ የመሐንዲሱ ብቻ መሆኑ ያበቃና የእኛም ይሆናል።

ለምርመራ የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን የሊድን አራተኛ እትም፣ በተለይም ስለ ቀን ብርሃን የሚናገረውን ክፍል ነው። ይህ ክፍል የሰሜን አሜሪካ የብርሃን ምሕንድስና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ኤልኤም 83 ብሎ ባወጣው ሰነድ ላይ ይደገፋል። ከዚያ ወዲህ የሊድ እትሞች ተሻሽለዋል። ለቃላት ምርመራ ግን የ2013ቱ እትም የበለጠ ይመቻል፤ የተርጓሚ ወጥመዶች በጥቂት መስመር ውስጥ ተሰብስበው ይገኙበታልና። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው በሚውልባቸው ክፍሎች ቢያንስ 55 በመቶ የሚሆነው ወለል፣ ከዓመቱ የሥራ ሰዓት ቢያንስ ግማሹን፣ 300 ሉክስና ከዚያ በላይ የቀን ብርሃን ማግኘት አለበት። ይህ 2 ነጥብ ያስገኛል፤ ወለሉ 75 በመቶ ከደረሰ 3 ነጥብ ይሆናል። ለጤና ተቋማት የተለየ ስሌት አለ። በዚያው ላይ፣ ከ1,000 ሉክስ የሚበልጥ ቀጥተኛ የፀሐይ ጮራ በዓመት ከ250 ሰዓት በላይ የሚያርፍበት ወለል ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ይህን ድንጋጌ በጨረታ ሰነድና በሥልጠና ጽሑፍ በተለመደው አማርኛ ብንመልሰው የሚከተለውን እናገኛለን፦ «ቢያንስ 55 በመቶው ወለል በቂ የፀሐይ ብርሃን ማግኘት ይኖርበታል። የፀሐይ ብርሃን የሚያገኘው ወለል ከ10 በመቶ መብለጥ አይኖርበትም።» አንባቢ ምን ይበል? አንደኛው ዐረፍተ ነገር ያዘዘውን ሁለተኛው ይከለክላል። ተቋራጩ የመጀመሪያውን ቢያከብር በሁለተኛው ይቀጣል፤ ሁለተኛውን ቢያከብር ነጥብ አያገኝም። ስሕተቱ የመሐንዲሱ አይደለም። እንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ቃላት ነበሩት፤ ሁለቱንም «የፀሐይ ብርሃን» ያለው ተርጓሚው ነው።

ለዚህ ጥፋት አማርኛን በቃል ድህነት የሚከሱ ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን ክሱን አንቀበለውም። ልዩነቱ በንግግራችን ውስጥ አለ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው «ብርሃን አለኝ» ይላል እንጂ «ፀሐይ አለኝ» አይልም። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ጓደኛው ግን «ፀሐይ መታኝ» ብሎ ወንበሩን ያንቀሳቅሳል። ቀትር ላይ በጎዳና የሚሄደውን «በጠራራ ትሄዳለህ?» እንለዋለን፤ ሰማዩ ዳመና በለበሰበት ቀን ግን፣ ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ጠራራ አለ የሚል ሰው የለም። እንግዲህ ተናጋሪው ሕዝብ በፀሐይ ጮራና በተሰራጨ ብርሃን መካከል ያለውን ወሰን ጠብቆ ኖሯል። ወሰኑን ያፈረሰው የጽሕፈት ቤት አማርኛ ነው፤ ይህ አማርኛ በሌላም ቦታ ቀላሉን ቃል ትቶ ረጅሙን የመምረጥ ልማድ አለበት።

በበኩላችን ሦስት ቃላት ተለይተው እንዲያዙ እንጠይቃለን። «የቀን ብርሃን» ጠቅላላውን ያመለክታል፤ በቀን በመስኮት የሚገባው ብርሃን ሁሉ ነው። «የፀሐይ ጮራ» ከፀሐይ በቀጥታ መጥቶ ጥላ የሚጥለው ነው። «የሰማይ ብርሃን» በአየርና በዳመና ተበትኖ ከሰማዩ ገጽ ሁሉ የሚወርደው ነው። ሁለቱ ሲደመሩ፣ ከደጅ ግድግዳና ከመሬት ተንጸባርቆ የሚገባውም ሲታከልበት፣ የመጀመሪያውን ይሰጣሉ። «የተፈጥሮ ብርሃን» የሚለውን አንነቅፈውም። ለተራ አንባቢ በሚጻፍ ጽሑፍ ያገለግላል፤ በደንብ አንቀጽ ውስጥ ግን ከሦስቱ የትኛውን እንደሚተካ አይናገርም። «የሰማይ ብርሃን» በሚለው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እንግሊዝኛው ለዚህ የሚጠቀምበት ቃል በጣሪያ ላይ የሚከፈተውን መስኮትም ይጠራበታል፤ የእኛ ግንበኞች ይህን መስኮት «ስካይላይት» እንዳለ ወስደውታል። ዐውዱን ያላየ ተርጓሚ ሰማዩን በጣሪያ መስኮት ሊተካው ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው የልኬት መጠሪያዎች ጉዳይ ነው። «የብርሃን መጠን» የምንለው ሐረግ በአራት የተለያዩ ነገሮች ላይ ይውላል። አንደኛው አንድ አምፑል በየአቅጣጫው የሚረጨው ጠቅላላ ብርሃን ሲሆን በሉመን ይለካል። ሁለተኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው ብርታት ነው፤ መለኪያው ካንዴላ ነው። ሦስተኛው በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሉመን ሲያርፍ አንድ ሉክስ ይባላል። አራተኛው ከገጹ ተነሥቶ ወደ ተመልካች ዓይን የሚመጣው ነው፤ ይህም በካሬ ሜትር ስንት ካንዴላ ተብሎ ይነገራል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀትና ጥቁር ጨርቅ ጎን ለጎን ቢዘረጉ በሁለቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን እኩል ነው፤ ለዓይን የሚታየው ድምቀት ግን እጅግ ይለያያል። ሦስተኛውንና አራተኛውን በአንድ ቃል የሚጠራ ሰው ወረቀቱና ጨርቁ አንድ ናቸው እንደሚል ይቆጠራል።

ጉዳዩ የቃል ጨዋታ አይደለም። ሊድ በመሣሪያ መለካትን ለመረጠ ሕንፃ የሚጠይቀው በሥራ ጠረጴዛ ከፍታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ300 እስከ 3,000 ሉክስ እንዲሆን ነው። ሉክስ ሜትር የያዘው ባለሙያ «የክፍሉን ብርሃንነት ለካ» ከተባለ መሣሪያውን ወደ መስኮቱ አቅንቶ ቢያነብ አይፈረድበትም፤ ደማቁ መስኮቱ ነዋ። «በጠረጴዛው ላይ ያረፈውን ብርሃን ለካ» ከተባለ ግን የመሣሪያውን ዓይን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል። ትክክለኛውን አያያዝ ያስተማረው ሌላ ማብራሪያ ሳይሆን «ያረፈ» የሚለው ግሥ ብቻ ነው።

ለሦስተኛው ልኬት «አብርሆት» የሚል ስያሜ ሊቀርብ እንደሚችል እናውቃለን። ቃሉ ከግእዝ የወጣ፣ ለጆሮ የሚጥም፣ አንድ ቃል በመሆኑም ለመዝገበ ቃላት የሚመች ነው። ሆኖም ሁለት ነገር እንቃወመዋለን። አንደኛ፣ ቃሉ ማብራትን፣ ማለትም አድራጊውን ድርጊት ያመለክታል፤ እኛ የምንፈልገው ግን የድርጊቱ ተቀባይ በሆነው ገጽ ላይ የደረሰውን መጠን ነው። ሁለተኛ፣ «አብርሆት» ዛሬ የአእምሮ መንቃት መጠሪያ ሆኖ ጸንቷል፤ የአውሮፓን የአስተሳሰብ ዘመን እንጠራበታለን፣ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ቤተ መጻሕፍትም ይህን ስም ይዟል። «የቤተ መጻሕፍቱ አብርሆት 300 ሉክስ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ፈገግ ከማሰኘት በቀር የሚጠቅመው የለም። «የብርሃን ዕረፍት» ማለትም አይሆንም፤ ምክንያቱን የሐዘን ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። «ደራሽ ብርሃን» ደግሞ ደራሽ ውሃን ያስታውሳል። ስለዚህ «ያረፈ ብርሃን» እንላለን፤ ሁለት ቃል መሆኑን እንደ ጉድለት አንቆጥረውም። ለአራተኛው ልኬት «የገጽ ድምቀት» ይበቃል።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ «ነጸብራቅ» አንድ ቃል እንበል። ብዙ ተርጓሚዎች ዓይን የሚያስቸግረውን ከልክ ያለፈ ድምቀት «ነጸብራቅ» ይሉታል። ነጸብራቅ ግን ከገጽ ላይ ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን ነው፤ ዓይን ሊጎዳም ላይጎዳም ይችላል። ዓይንን የሚያስጨንቀውን ነገር አማርኛ «ማጥበርበር» ይለዋል። የመኪና መብራት ፊት ለፊት ሲመጣ «አጥበረበረኝ» የማይል የለም። በተዘጋጀ ቃል ላይ ሌላ ቃል መፈለግ ትርፍ ድካም ነው።

አሁን የሰነዱን ሁለት ዐበይት መጠሪያዎች እንመርምር። የመጀመሪያው ቃል በቃል ሲመለስ «ኅዋዊ የቀን ብርሃን ራስ ገዝነት» ይሆናል። በዚህ ሐረግ ከ«የቀን ብርሃን» በቀር የቀረው ሁሉ ተርጓሚውን ያጋልጠዋል። «ኅዋ» ለአማርኛ አንባቢ ጨረቃና መንኮራኩር ያለበት ሥፍራ ነው፤ ሰነዱ ግን የሚናገረው ስለ ወለል ስፋት ነው። «ራስ ገዝ» የሚለው ደግሞ የአስተዳደር ቃል ነው። በ1980 ዓ.ም. በተመሠረተው መንግሥት አወቃቀር የራስ ገዝ አካባቢዎች ነበሩ፤ ዛሬም ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ እንላለን። ብርሃን ራሱን ያስተዳድራል ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ከእንግሊዝኛው ሳይነጻጸር ሊገባው የሚችል አንባቢ ያለ አይመስለንም።

ወደ እንግሊዝኛው ስንመለስ ግን ጥፋቱ የተርጓሚው ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። ይህ መጠሪያ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊስ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ማኅበር ሰነድ ታየ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ክሪስቶፍ ራይንሃርት አስፋፋው። የታሰበው ነገር ግልጽ ነው፤ የኤሌክትሪክ መብራት ሳይለኮስ ሥራ መሥራት የሚቻልበት የጊዜ ድርሻ ነው። ታዲያ ራሱን የቻለው ማን ነው? ብርሃኑ አይደለም፤ ብርሃን ምን ጊዜም ከሰማዩ ጋር የሚለዋወጥ ጥገኛ ነው። ራሱን የቻለው፣ ከአምፑል ጥገኝነት የወጣው፣ ወለሉ ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ስሞችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ሳይናገር ማለፍ ይችላል። አማርኛ «የ» የሚለውን አገናኝ ሲያስገባ ባለቤቱን ለይቶ መናገር ግድ ይሆንበታል፤ ስለዚህም በእንግሊዝኛው የተሸፈነው ጉድለት በአማርኛው ይገለጣል። ይህን እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ጥሩ ፈተና እንቆጥረዋለን። ባለቤቱን ካወቅን ስያሜው ራሱ ይመጣል፦ «በቀን ብርሃን ራሱን የቻለ ወለል»።

ሁለተኛው መጠሪያ በተለመደው ትርጉም «ዓመታዊ የፀሐይ ብርሃን ተጋላጭነት» ነው። እዚህም እንግሊዝኛው የተነቀፈ ቃል መርጧል። በብርሃን ሥነ ልክ ይህ ቃል የቆየ የራሱ ፍች አለው፤ ያረፈውን ብርሃን በጊዜ አባዝቶ፣ ማለትም በሉክስ ሰዓት፣ የሚገኘው ድምር ነው። በቤተ መዘክር የብራና መጽሐፍ ስንት ብርሃን እንደ ተቀበለ የሚቆጠረው በዚህ ነው። የኤልኤም 83 ልኬት ግን ድምር አይደለም፤ የወለል መቶኛ ነው። አንድ ቃል በአንድ ሙያ ውስጥ ለሁለት ልኬት ውሏል። «ተጋላጭነት» የሚለው አማርኛ በበኩሉ አደጋን ያመለክታል፤ ይህ ጠባዩ እዚህ ሳይጎዳ ይጠቅማል፤ ልኬቱ የሙቀትና የማጥበርበር አደጋ ጠቋሚ ነውና። ቢሆንም ባለቤቱ አሁንም ወለሉ ስለ ሆነ፣ ሕዝቡም ለዚህ ነገር አንድ ግሥ ስላለው፣ «ፀሐይ የሚመታው ወለል» ብንል እንመርጣለን። ሁለቱ ስያሜዎች አንድ የጋራ ስም ስላላቸው አንደኛው እንዲበዛ፣ ሌላው እንዲያንስ የሚፈለግ መሆኑን አንባቢ በቀላሉ ይይዛል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። እነዚህ ሁለቱ በመሣሪያ አይለኩም። የዓመቱ 3,650 ሰዓታት፣ ማለትም በየቀኑ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ፣ በኮምፒዩተር ተሰልቶ የሚገኝ ውጤት ናቸው። ለመጀመሪያው መጋረጃው ጮራ ሲገባ እንደሚዘጋ፣ ለሁለተኛው ግን ፈጽሞ እንደማይዘጋ ተቆጥሮ ይሰላል። አማርኛው ሁሉንም «መለኪያ» ሲለው መሣሪያው፣ ውጤቱና ዝቅተኛው ወሰን በአንድ ስም ይጠራሉ (የመጠጥ መለኪያውን እንተወው)። መሣሪያው «መለኪያ»፣ በመሣሪያ የተገኘው «ልኬት»፣ በስሌት የተገኘው «ስሌት»፣ መታለፍ ያለበት ቁጥር ደግሞ «ደፍ» ቢባል አይሻልምን? «ደፍ» ከበር የተወሰደ ቃል ነው። 300 ሉክስ ደፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ውጭ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ገብቷል።

ከስያሜ ወደ ቁጥር ስንሻገር ተርጓሚው እምብዛም የማይጠረጥረው ወጥመድ ይገጥመናል። ቁጥር አይተረጎምም የሚል እምነት አለ። የሊድ አንቀጽ በመሣሪያ የሚለካው በእንግሊዝኛ አቆጣጠር በ9 እና በ3 ሰዓት መካከል ነው ይላል። ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠ ተርጓሚ «ከ9 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። አማርኛ አንባቢው ይህን በራሱ አቆጣጠር ሲያነበው ከቀትር በኋላ ተነሥቶ እስከ ምሽት ይደርሳል፤ ከዚህ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ትክክለኛው «ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት» ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ መለዋወጣቸው ነገሩን የባሰ አሳሳች ያደርገዋል፤ አራሚው ሲያየው ቁጥሮቹ ያው ስለሆኑ አይጠራጠርም።

ወራቱም እንዲሁ ናቸው። ደንቡ ሁለት ልኬት ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው በጃንዋሪ ከተወሰደ ሁለተኛው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ መወሰድ አለበት፤ በፌብሩዋሪ ከተወሰደ ከጁን እስከ ኦክቶበር። ተርጓሚው ጃንዋሪን «ጥር»፣ ሜይን «ግንቦት» ካለ፣ ጥር 28 እና ግንቦት 10 የተለካ ሕንፃ ደንቡን ያከበረ ይመስላል። ጥር 28 ግን በእነርሱ ፌብሩዋሪ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ልኬት ከግንቦት 24 እስከ ጥቅምት 21 ባለው ጊዜ መሆን ነበረበት፤ የግንቦት 10ሩ ልኬት ዋጋ የለውም። በሠንጠረዡ ውስጥ ወራቱን በስማቸው ሳይሆን በቀን ወሰናቸው መጻፍ፣ ለጃንዋሪ «ከታኅሣሥ 23 እስከ ጥር 23» ማለት፣ አሰልቺ ቢሆንም ሌላ መንገድ የለውም።

የአገሩ ሰማይ ከቃሉ ጋር የማይገጥምበትም ጊዜ አለ። የአውሮፓና የአሜሪካ መሐንዲስ «የሰሜን ብርሃን» ሲል ጮራ የሌለበት ለስላሳ ብርሃን ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜን ትታያለች። በእኛ አገር ለሚሠራ ሥዕል ቤት «የሰሜን ብርሃን» ያለ ማብራሪያ መተርጎም ሐሰት መናገር ይሆናል።

ስለ «ፋክተር» ደግሞ እንዲህ እንላለን። ከአዲሶቹ ስሌቶች በፊት፣ በእንግሊዝ አገርም ለረጅም ጊዜ፣ ክፍልን ለመመዘን የሚያገለግለው በውስጥ ያረፈው ብርሃን በውጭ ካረፈው ስንት በመቶ እንደ ሆነ የሚናገረው ልኬት ነበር። ይህን «የቀን ብርሃን ምክንያት» ብሎ መመለስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ቃሉ በሌላ ዐውድ ምክንያት ማለት ስለ ሆነ። «የቀን ብርሃን ድርሻ» ትክክል ነው። ዋናው ችግር ግን ከስያሜው በኋላ ይመጣል። ይህ ድርሻ የሚለካው ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ዳመና ሲለብስ፣ በውስጥና በውጭ በአንድ ጊዜ ነው። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1955 የተቀበለው የዳመና ሰማይ አምሳያ አናቱ ከአድማሱ ሦስት እጥፍ የሚደምቅ ሰማይ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን በውጭ 10,000 ሉክስ፣ በውስጥ 200 ሉክስ ቢነበብ ድርሻው 2 በመቶ ይሆናል፤ ይህም በብዙ ክፍሎች ሲጠየቅ የኖረ መጠን ነው። ተርጓሚው «በዳመናማ ቀን» ብሎ ካለፈ፣ ዳመና ጣል ጣል ያለበት፣ ፀሐይ የምትወጣበት ቀንም ይገባበታል። በውጭ 100,000 ሉክስ፣ በውስጥ 500 ሉክስ ይነበብና ያው ክፍል ግማሽ በመቶ አግኝቶ ይወድቃል። «ዳመና የለበሰ ሰማይ» እና «ዳመናማ ሰማይ» በመዝገበ ቃላት ለየብቻ መመዝገብ የሚገባቸው ለዚህ ነው። ከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) እና ደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መዝገበ ቃላታቸውን ሲያሳትሙ ዛሬ የምንወያይባቸው ስሌቶች አልነበሩም፤ ከዛሬው አዘጋጅ ግን ይህን ያህል መጠየቅ ይቻላል።

የቀሩትን ባጭሩ እናልፋቸዋለን። «ዎርክ ፕሌን» አውሮፕላን አይደለም፤ «የሥራ ጠለል» ነው። «ከባሕር ጠለል በላይ» የሚለውን የሰማ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። ከፍታው በኤልኤም 83 76 ሳንቲ ሜትር፣ በአውሮፓው ደረጃ 85 ሳንቲ ሜትር ነው። «የተያዘ ክፍል» የሚለውን ትተን «ሰው የሚውልበት ክፍል» እንበል፤ የተያዘ ክፍል በእንግዳ ማረፊያ ቁልፍ የተሰጠበት ነው፤ «መዋል» ግን ደንቡ የሚፈልገውን የቀን ቆይታ በአንድ ግሥ ይገልጻል። «መብራት ጠፍቶ ይለካ» የሚል ትእዛዝም በአገራችን የኤሌክትሪክ መቋረጥን መጠበቅ ስለሚመስል «አምፑሎች ከማብሪያቸው ጠፍተው» መባል አለበት። «አረንጓዴ ሕንፃ» ተክል የሞላበት ሕንፃ እንደሚያስመስል እናውቃለን፤ ቃሉ ግን ገብቷል፤ ማስወጣቱ አይቻልም።

እነሆ በእነዚህ ቃላት የተመለሰው አንቀጽ፦ «ይህ ደንብ ሰው በሚውልባቸው ክፍሎች ላይ ይጸናል። በየክፍሉ የሥራ ጠለል ላይ ያረፈው የቀን ብርሃን ለዓመቱ ይሰላል። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ካለው የዓመቱ ጊዜ ቢያንስ ግማሹን 300 ሉክስና ከዚያ በላይ የሚያርፍበት ወለል በቀን ብርሃን ራሱን የቻለ ይባላል። እንዲህ ያለው ወለል ከጠቅላላው 55 በመቶ ሲደርስ 2 ነጥብ፣ 75 በመቶ ሲደርስ 3 ነጥብ ይሰጣል። ከ1,000 ሉክስ የሚበልጥ የፀሐይ ጮራ በዓመት ከ250 ሰዓት በላይ የሚያርፍበት ወለል ፀሐይ የሚመታው ይባላል። ይህ ከ10 በመቶ አይበልጥም። በስሌት ፈንታ በመሣሪያ የሚለካ ከሆነ፣ የቤት ዕቃው በየቦታው ከገባ በኋላ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ14 ካሬ ሜትር በሚሰፋ ክፍል ነጥቦቹ ከ3 ሜትር ሳይራራቁ፣ በሁለት የተለያዩ ወቅቶች ይለካል። ከ300 እስከ 3,000 ሉክስ ያረፈበት ወለል 75 በመቶ ከሆነ 2፣ 90 በመቶ ከሆነ 3 ነጥብ ይሰጣል።»

ከእንግሊዝኛው ይልቅ ዐረፍተ ነገሮቹ በዝተዋል። መቶኛ በመቶኛ ውስጥ የተጠቀለለበትን አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር፣ ማሰሪያ ግሡን እስከ መጨረሻ በሚያዘገየው ሰዋስዋችን፣ ከመሐል ሳይጠፋበት የሚያነብ ተቋራጭ ስላላገኘን ሆን ብለን ቆራርጠነዋል። «ደፍ» የሚለውን በአንቀጹ ውስጥ አላስገባነውም፤ በመሐንዲሶች ዘንድ ጥቂት ጊዜ ይሰማ ዘንድ ትተነዋል።